«ሜዳል ፎር ሜሪት» ምንድን ነው?

ሜዳል ፎር ሜሪት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለአሜሪካ የላቀ አገልግሎት ላበረከቱ ሲቪሎች ይሰጥ የነበረ ሜዳይ ነው። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲያቋቁመው፣ በዚያው ሕግ ለወታደሮች ሌጅን ኦፍ ሜሪት የተባለውን ኒሻን ፈጥሯል።

ወታደር በጦር ሜዳ የፈጸመውን ጀብዱ አብረውት የተሰለፉት ያዩታል፤ አዛዡም ይመሰክርለታል። በቢሮ ወይም በቤተ ሙከራ የዋለ ሲቪል ውለታ ግን በመዝገብ ተቀብሮ ሊቀር ይችላል፤ ሥራው ምስጢር ከሆነማ ለቤተሰቡ እንኳ አይናገረውም። ስለዚህ ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ ባለሥልጣን ስለ ባልደረባው የሚጽፈው ጥቆማ ከአድናቆት ያለፈ ፋይዳ ነበረው፤ የምስክር ቃል ነበርና። ጥቆማዎቹን በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የተቋቋመው የሜዳል ፎር ሜሪት ቦርድ መርምሮ የውሳኔ ሐሳቡን ለፕሬዚዳንቱ ያቀርብ ነበር፤ የመጨረሻው ውሳኔም የፕሬዚዳንቱ ነበር።

የጥቆማው ጸሐፊ ቦታ ግን አስቸጋሪ ነበር፤ የባልደረባውን ሥራ ሲያመሰግን የራሱን መሥሪያ ቤት ማመስገኑም አይቀርምና። በእኔ ግምት እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ተአማኒ የሚያደርገው የቅጽሎች ብዛት ሳይሆን፣ ሰውየው ምን እንደሠራና ያ ሥራ ባይሠራ ምን ይጎድል እንደነበር በግልጽ መናገሩ ነው። የሚቆጠረው አገልግሎት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጁበት ከመስከረም 8 ቀን 1939 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው በመሆኑ፣ አሜሪካ ጦርነቱን ከመቀላቀሏ በፊት የተደረገው ዝግጅትም ይታሰብ ነበር።

ኤም 1 የተባለውን ጠመንጃ የሠራው ጆን ጋራንድ ሜዳዩን በ1944 ተቀብሏል፤ የፈጠራ መብቱን ለመንግሥት የሰጠ ሰው ነበር፤ 100,000 ዶላር ይሰጠው ተብሎ ለኮንግረስ የቀረበው ሐሳብ ግን ሳይጸድቅ ቀርቷል። አቶሚክ ቦምብ የተሠራበትን የሎስ አላሞስን ቤተ ሙከራ የመራው ሮበርት ኦፐንሃይመር ደግሞ በ1946 ከፕሬዚዳንት ትሩማን ተሸልሟል። ይኸው መንግሥት ከስምንት ዓመት በኋላ የኦፐንሃይመርን ታማኝነት ለምርመራ ሲያቀርበው፣ እነርሱም በ1948 ይህንኑ ሜዳይ የተሸለሙት ኢንጂነሩ ቫኔቫር ቡሽና የፊዚክስ ሊቁ ኢሲዶር ራቢ ስለ ባልደረባቸው ሊመሰክሩ ቀረቡ፤ ምስክርነታቸው ግን ምስጢራዊ ሰነዶችን የማየት ፈቃዱን አላተረፈለትም።