አናግራም ምንድን ነው? ኤዱኬሽንስ እዚህ ምን ያደርጋል?

ሰሞኑን «ኤ፣ ሲ እና ቲ ያላቸው የእንግሊዝኛ አናግራሞች» የሚል ዝርዝር አየሁ። መጀመሪያ ላይ ካት አለ። ቀጥሎ አት። ከዚያ ፋክተሪ። ከዚያ ኤዱኬሽን። ኤዱኬሽን! አንዱ ከሥር «ይሄ አናግራም አይደለም» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «ያው ነው፣ አታካብድ» አለው። ቃል የሚፈልጉ ፕሮግራሞችን ስጽፍ ዓመታት አልፈውኛልና እስቲ ትንሽ ላካብድ።

አናግራም የአንድን ቃል ፊደሎች በሙሉ፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ ቦታ አቀያይሮ ሌላ ቃል ማውጣት ነው። ሊስን፣ ሳይለንት፣ ኢንሊስት፣ ቲንስል፣ ኢንሌትስ፤ አምስቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ስድስት ፊደሎች ነው። «ሊስን ውስጥ ቲ የታለች?» የሚል አይጠፋም። አትሰማም እንጂ ተጽፋለች። የሚቆጠረው የሚጻፈው ነው። በአማርኛም አለን፦ ቀረበ፣ ቀበረ፣ በረቀ። ግን ቀረቡ እና ቀበሩ ሲሆኑ ጨዋታው ፈረሰ፤ አንዱ ቡ ይዟል፣ ሌላው ሩ። የእኛ ፊደል አናባቢውን አዝሎ ስለሚሄድ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር አለ እንበል። አናግራም እዚያው ክፍል ውስጥ ዕቃውን ማዘዋወር ነው። ሁሉም ዕቃ አለ፣ አዲስ የገባ የለም።

«ከእነዚህ ፊደሎች ምን ቃል ይወጣል?» ሌላ ጥያቄ ነው። ይሄ ወደ ጠባብ ክፍል እንደመግባት ነው፤ የማይበቃውን ትተህ ትሄዳለህ። አት የመጣችው ከዚህ ነው፣ ሲን ጥላ። ስክራብል (ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ) የሚጫወት ሰው በእጁ ያሉትን 7 ፊደሎች እያየ የሚያስበው ይህንን ነው። ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ከጨረሰ 50 ተጨማሪ ነጥብ የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ የሚተርፍ ዕቃ ስላለ ነው።

«እነዚህን ፊደሎች የያዘ ቃል» ደግሞ ወደ ሰፊ ቤት መግባት ነው። ያንተ ዕቃ በሙሉ ይገባል፣ የሌላ ሰው ዕቃም አብሮ ይኖራል። ኤዱኬሽን ያ ሰፊ ቤት ነው። ኤ፣ ሲ እና ቲ ውስጡ አሉ፤ ስድስት እንግዳ ፊደሎችም አሉ።

አራተኛም አለ። ዕቃዎቹ በብሎን ተያይዘው፣ በዚያው ቅደም ተከተል መቆም ያለባቸው። ፋክተሪ ውስጥ ኤ፣ ሲ፣ ቲ ተከታትለው አሉ። ኤዱኬሽን ውስጥ ግን የተከታተሉት ሲ፣ ኤ፣ ቲ ናቸው። ስለዚህ ካት ሳይፈታ ተቀምጦበታል፣ አክት ግን የለም። «ያው ነው» ያልከው ወንድሜ፣ አራት ጥያቄ፣ አራት መልስ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ግን ወንበሩ ሁለት ሲሆን ነው። «የፊደሎች ስብስብ» ሲባል የሒሳብ ሰው ድግግሞሽን አይቆጥርም፤ ለእሱ ኦ ወይ አለ ወይ የለም። ቡክ የሚለው ቃል ግን ሁለት ኦ ይፈልጋል። በእጅህ ቢ፣ ኦ፣ ኬ ብቻ ካሉ ስክራብል ላይ ቡክን መጻፍ አትችልም። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ስፔሊንግ ቢ የሚባለው የቃላት ጨዋታ ላይ ግን አንዱን ፊደል ደጋግመህ መጠቀም ስለሚፈቀድልህ ትችላለህ። (እዚህ ላይ ምሳሌዬ ማንከስ ጀመረ፤ ወንበር የሚራባበት ቤት የለም።) ስክራብል ደግሞ ከ100 ጠጠሮቹ ሁለቱ ባዶ ናቸው፣ የፈለግከውን ፊደል ይተካሉ። ሲታጠፍ ሶፋ፣ ሲዘረጋ አልጋ እንደሚሆነው ዕቃ። ዎርድል ላይም (የተደበቀ ቃል የምትገምትበት፣ መልሱ ውስጥ ያለ ፊደል ቀለም የሚያገኝበት ጨዋታ) በግምትህ ሁለት ኢ ጽፈህ መልሱ አንድ ኢ ብቻ ካለው ቀለም የሚያገኘው አንዱ ብቻ ነው። ጨዋታው ተበላሸ ብለው የሚያማርሩ ብዙዎች ናቸው። አልተበላሸም፣ እየቆጠረ ነው።

«ያው ነው» ያለው ሰው ቀጥሎ «ኮምፒውተሩ ፊደሎቹን እያቀያየረ ሁሉንም ይሞክራል» ብሎ አስረዳ። ሰባት የተለያዩ ፊደሎች 5,040 ዓይነት አሰላለፍ አላቸው። ማንም ጤነኛ ሰው እንደዚያ አይሠራም። የእያንዳንዱን ቃል ፊደሎች በኤ ቢ ሲ ተራ ትደረድራለህ። ሊስንም ሳይለንትም ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ ይሆናሉ። ድርድሩ አንድ ከሆነ አናግራም ናቸው፣ አለቀ።

ለሰፊው ቤት ግን ድርድር አይበቃም፣ መቁጠር ያስፈልጋል። የምወዳት አንዲት ዘዴ አለች። ለየፊደሉ በተራው አንድ ብቸኛ ቁጥር ስጠው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር በምንም የማይካፈል። ኤ 2፣ ሲ 5፣ ቲ 71 ይሆናሉ። ሲባዙ 710። ካትም 710፣ አክትም 710። አንድ ቃል ፊደሎቹ ተባዝተው ለ710 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሦስቱንም ይዟል። ሁለት ቲ የግድ ከሆነ በ71 አንዴ ደግመህ ታበዛለህ፣ 50,410። ታክት የሚለው ቃል ልክ ይህ ነው። ታምራለች፣ ግን ረጅም ቃል ላይ ቁጥሩ ያብጥና ኮምፒውተሩ ከመደበለት ቦታ ይፈስሳል። እኔ በሥራ ላይ ተራ ቆጠራ ነው የምጠቀመው።

ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ልጨምር፦ ውጤቱ የተሰጠህን የቃላት ዝርዝር ያህል ነው። የሰሜን አሜሪካ የስክራብል ውድድር ዝርዝርና የኮሊንስ መዝገበ ቃላት ዝርዝር አንድ አይደሉም። አንዱ የሚቀበለውን ሌላው ይጥላል። «ይህን ያህል ቃል አለ» የሚል ሰው የትኛውን ዝርዝር እንደያዘ ካልነገረህ ምንም አልነገረህም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ያንን ዝርዝር ተመልሼ ከላይ እስከ ታች አየሁት። አክት የለበትም።