«በዓይኔ በብረቱ አየሁት!» እና ሌሎች ስለ አእምሮ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«በዓይኔ በብረቱ አየሁት!» ከተባለ ክርክሩ አበቃ። ያየ ሰው አይሳሳትማ! ትዝታ ተቀርጾ የተቀመጠ ቪዲዮ ይመስለናል። አይደለም። ባስታወስን ቁጥር አእምሮ ታሪኩን ከቁርጥራጭ መልሶ ይገጣጥመዋል። የጎደለውን ደግሞ በግምት፣ ሲሻው ከሰው በሰማው ይሞላዋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር ለ150 ተማሪዎች የመኪና አደጋ የሚያሳይ አጭር ፊልም አሳዩ። ከዚያ 50ዎቹን «መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ይሆናል?» አሏቸው። ሌሎች 50ዎቹን ደግሞ «ተላትመው ሲደቅቁስ?» የቀሩት ስለ ፍጥነት አልተጠየቁም። ከሳምንት በኋላ ሁሉም «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት የሚባል ነገር የለም። «ሲጋጩ» ከተባሉት 7፣ «ሲደቅቁ» ከተባሉት ግን 16 ሰዎች «አዎ፣ አይተናል» ብለው እርፍ! የዋሸ የለም። መስታወቱን የሰበረችው ከሳምንት በፊት የሰሟት ቃል ናት።

«እርግጠኛ ከሆነማ ልክ ነው» የሚለውም አያስኬድም። የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. በ1986 በፈነዳች ማግስት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዜናውን የትና እንዴት እንደሰሙ እንዲጽፉ ተደረገ። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሲጠየቁ የብዙዎቹ ታሪክ ሌላ ሆኗል። ያውም አፋቸውን ሞልተው ነው የሚናገሩት። የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ሲቀርብላቸው እንኳ የመጀመሪያው ታሪክ ትዝ አላላቸውም።

«ከአእምሯችን የምንጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው» የምትለዋ ወሬም እስካሁን አልሞተችም። አእምሮ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ከጉልበታችን ግን 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ሥራ ፈት እንዲህ አይበላም።

«ስትወስን ስሜትህን ወደ ጎን ተው» የሚለው ምክር ግማሹ እውነት ነው። በንዴት የተወሰነ ነገር ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ስሜት ጭራሽ ሲጠፋስ? የነርቭ ሐኪሙ አንቶኒዮ ዳማሲዮ «ኤልየት» ብሎ የጠራው ታካሚ ነበር። በእጢ ምክንያት የአንጎሉ የፊት ክፍል ተጎድቷል። የማሰብ ችሎታ ፈተና ሲሰጡት አሳምሮ ይሠራል። ስሜቱ ግን ደንዝዟል። የራሱን መከራ ሲያወራ እንኳ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ቢሮ ገብቶ ሰነድ መደርደር ሲጀምር ደግሞ ጉዱ ይፈላል፦ በቀን ይሁን? በመጠን? በጉዳዩ? ይህንኑ ሲያወጣ ሲያወርድ ከሰዓቱ ያልቃል። ሥራውን አጣ፤ ትዳሩም ፈረሰ።