«ድሮ አቢሲኒያ ነበርን» ለምትሉኝ ሁሉ

አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ይዤ ከአራት ኪሎ በፒያሳ አድርጌ ወደ ቸርችል ጎዳና ስወርድ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ እና በዚህ ሁሉ ጊዜ ከእግሬ ይልቅ የደከመው ጆሮዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ሾፌራችን (ጥሩ ሰው ነው፣ ክፋት የለውም) በመስታወቱ እያየ ለአንዲት እንግዳ «የአገራችን ስም አቢሲኒያ ነበር፣ ኢትዮጵያ ያሏት ጃንሆይ ናቸው» አላት። ሴትየዋ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ ነደድኩ።

ኧረ አላሉም! ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የምኒልክ ብር አለ። አያቴ በክር አድርጋ አንገቷ ላይ ታስረው ስለነበር ከዘውዱ በላይ ተበስቷል። አውጥቼ ለሾፌሩ ሰጠሁትና «ጋሼ፣ እስቲ ያንብቡልኝ» አልኩት። መነጽሩን ፈልጎ ዙሪያውን እያዞረ አነበበ፤ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ»። ዓመቱ 1889 ይላል። ጃንሆይ የተወለዱት በ1884 ዓ.ም. ነው። ገና አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጅ የአገር ስም ቀየሩ? የአያት ብር የሌላችሁ ደግሞ ዋናው ፖስታ ቤት ግቢ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ግቡ። በምኒልክ ጊዜ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ላይም የተጻፈው «ኢትዮጵያ» ነው። (ብሩ ያላችሁ፣ እባካችሁ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት። ዋጋውም ያልቃል፣ ጽሑፉም።)

ታዲያ አቢሲኒያ ከየት መጣ? ሐበሻ ከሚለው። አረቦች «ሐበሽ» አሉ፣ አውሮፓውያን ተቀብለው ለራሳቸው ምላስ አመቻቹት፣ ካርታቸው ላይ ጻፉት። የፈረንጅ ካርታ ላይ አቢሲኒያ፣ የንጉሡ ማኅተም ላይ ኢትዮጵያ። ሁለቱም ደግሞ ጥንታዊ ናቸው። አክሱም ያለው የንጉሥ ዔዛና ድንጋይ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በግሪክኛው ጽሑፍ «ኢትዮጵያውያን» የተባለው በሌላኛው ፊት ሐበሻ በሚለው ስም ተጠርቷል። በአንድ ድንጋይ ላይ! ስለዚህ አንዱ ሞቶ ሌላው አልተወለደም።

«ሐበሻ በአረብኛ ድብልቅ ማለት ነው፣ ስድብ ነው» የምትሉም አላችሁ። ስሙ ከእስልምና በፊት ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ የደቡብ ዐረብ ድንጋዮች ላይ ተቀርጿል። ድብልቅ የሚለው ከኋላ የተለጠፈ ትርጉም ነው።

አሁን ወደሚያጣላኝ ልምጣ። ኢትዮጵያ ማለት «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቢጫ ወርቅ» ነው የሚለው። ደስ ይላል፣ እኔም ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ፣ ኩሽ የሚባለው አባት ኢትዮጲስ የሚባል ልጅ ወለደ የሚለውንም ትውፊት አክብሬ አዳምጣለሁ፣ ግን ቃሉ ራሱ ያጋልጣል። ጵን እዩዋት። በግዕዝ ውስጥ ጰ ያለበትን ቃል ቁጠሩ፤ ጳውሎስ፣ ጴጥሮስ፣ ጳጳስ፣ ጰራቅሊጦስ፣ ጳጉሜን። ከሞላ ጎደል ሁሉም በግሪክ በር የገቡ ናቸው። ኢትዮጵያም በዚያው በር ነው የገባችው። በግሪክኛ «አይቶ» ማቃጠል፣ «ኦፕስ» ፊት ነው። ፀሐይ ያጠቆረው ፊት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሰው ይከፋዋል። «ተሰደብን» ይላል። ማን ሰደበህ? ሆሜር እኮ ኢትዮጵያውያንን «ነቀፋ የሌለባቸው» ብሎ አማልክቱን ለግብዣ ወደ እነሱ ነው የሚልካቸው። የሚያናድደው ሌላው ሐቅ ግን ይኸውላችሁ፤ ግሪኮቹ በስሙ በዋናነት የሚጠሩት ከግብፅ በታች ያለውን፣ የዛሬውን ሱዳን ነበር። «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ» የምንለው መዝሙርም በዕብራይስጡ ኩሽ ነው የሚለው። ሱዳን ራሱ በአረብኛ ጥቁሮች ማለት ነው። ማሊም እኮ በፈረንሳይ ጊዜ «የፈረንሳይ ሱዳን» ትባል ነበር።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ፖርቱጋል ስሟን ከብርቱካን አላገኘችም፤ ብርቱካን ነው ስሙን ከፖርቱጋል ያገኘው፣ ጭማቂ ቤት በገባችሁ ቁጥር የአገር ስም እያዘዛችሁ ነው። ኤርትራ የሚለው ቃል ጥንታዊ ነው፣ ባሕረ ኤርትራ ቀይ ባሕር ነው፤ የአገር ስም ያደረገችው ግን ጣሊያን ናት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1890። ህንድ የተባለችው በኢንደስ ወንዝ ነው፣ ወንዙ ግን ዛሬ በአብዛኛው የሚፈሰው ፓኪስታን ውስጥ ነው። የጥንቱ የጋና መንግሥት የዛሬዋ ጋና ላይ አልነበረም፣ ወደ ሞሪታኒያና ማሊ ነው። የጥንቱ የቤኒን መንግሥት ደግሞ ናይጄሪያ ውስጥ ነው።

ሾፌራችን ትናንት ለአዲስ እንግዶች ስለ ጰ ሲያስረዳ ሰማሁት። ጳጳስን አነሳ፣ ጳጉሜንን አነሳ፣ እኔም ኮራሁ። ከዚያ ፒያሳ ደረስንና እጁን በመስኮት አውጥቶ «ፒያሳም የግሪክ ቃል ነው» አላቸው።

ጋሼ፣ ያ ፐ ነው። ጣሊያንኛ ነው።