ረጃጅም ሕንጻዎችና የአዲስ አበባ ፀሐይ፣ አየርና ውሃ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ለብዙ ዘመን ያደገችው ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አልነበረም። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት በ2004 ዓ.ም. ሲመረቅ ቁመቱ 99.9 ሜትር ነበር፤ ያኔ ሰማይ የነካ መስሎን ነበር። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በ209 ሜትር እጥፉን አልፎ ሄደ።

የፎቅ ጉዳት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን መብራት መብላቱ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ይለያል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ሊፍቱም አምፖሉም ያን ያህል ካርቦን አያስከትሉም። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ሪባን ከመቆረጡ በፊት ነው። ለሲሚንቶ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ይቃጠላል። ማገዶው ቀርቶ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ጋዝ ይለቃል። ለአንድ ቶን ክሊንከር (ከምድጃው ወጥቶ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነው) ከድንጋዩ ብቻ ግማሽ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ፎቁ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ምሰሶው ይወፍራል፣ ፌሮው ይበዛል፣ መሠረቱ ይጠልቃል። ባለ 40 ፎቅ ላይ አንድ ካሬ ሜትር የሚፈጀው አርማታና ብረት ጂ ፕላስ 4 ላይ ከሚፈጀው ይበልጣል።

ታዲያ ሁሉንም ዝቅ አድርገን እንሥራ? እሱም ዋጋ አለው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ብዙዎቹ ጂ ፕላስ 4 ናቸው። ሊፍት የላቸውም፣ አርማታቸውም ቀለል ያለ ነው። ግን የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ድረስ ሄደው የእርሻ መሬት ላይ አረፉ። ነዋሪው በየጠዋቱ ታክሲና አውቶብስ ተሰልፎ መሃል ከተማ ይገባል፣ ማታ ይመለሳል። ያ ሁሉ ናፍጣ በሕንጻው ሒሳብ ላይ አይጻፍም። እኔን ከጠየቃችሁኝ መሃል ከተማ ውስጥ 8 ወይም 10 ፎቅ ከሁለቱም ይሻላል።

የባሰው ጣጣ መስታወቱ ነው። የአዲስ አበባ አየር በነጻ የተሰጠ ኤሲ ነው። ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ዲግሪ አያልፍም፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። መስኮት መክፈት ይበቃ ነበር። እኛ ግን ከላይ እስከ ታች መስታወት አልብሰን፣ የሚከፈተውን መስኮት በጣት የሚቆጠር አደረግነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋለች፤ ያኔ ለግድግዳው ጥላ ለመስጠት አጭር በረንዳ ይበቃል። የምታስቸግረው ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ ስትመጣ ነው። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት የሚጋገረው ያኔ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንዲህ ያለ ቢሮ ግቡና እዩ። መስታወቱ ላይ ካርቶን ተለጥፏል፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት በርቷል፣ ማራገቢያ ይዞራል። ውጭ ያለው እግረኛ ጃኬት ለብሷል።

የውሃው ነገርም ያስገርማል። በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው በክረምት። አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1,200 ሜትር ኩብ ወረደ ማለት ነው፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 120 ጊዜ ይሞላል። ይህ ሁሉ ውሃ በአሸንዳ ወርዶ አስፋልቱን ያጥለቀልቃል። ግቢው በሙሉ ስለተለበጠ መሬቱ አይጠጣውም። ያው ሕንጻ በጋ ላይ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ቦቴ ያስጠራል፣ አቅም ካለው ጉድጓድ ያስቆፍራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያ ንጹሕ የግድብ ኃይል በናፍጣ ጄኔሬተር ይተካል። የጭሱ መውጫ ብዙ ጊዜ በእግረኛው አፍንጫ ትክክል ነው።

ጥላው ለጎረቤት ይተርፋል። ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ የ209 ሜትር ሕንጻ ጥላ ወደ 800 ሜትር ይዘረጋል። እሱስ ቶሎ ያልፋል። የሚከፋው አጥር ተጠግቶ የተገተረው ጂ ፕላስ 10 ነው። ከሥሩ ባለው የጭቃ ቤት ግድግዳው እርጥበት ይይዛል፣ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። በርበሬ የምታሰጣ እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ድሮ ጠዋት ማዳበሪያ ዘርግታ ስጡን ታሰጣና ማታ ታነሳው ነበር። አሁን ማዳበሪያውን በአራቱም ጫፍ ይዛ ፀሐይዋን ትከተላለች፤ ከደጃፍ ወደ አጥሩ ጥግ፣ ከአጥሩ ጥግ ወደ ውጭ፣ ኮብልስቶኑ ላይ፣ መኪና እየጠበቀች።