የብረት ቅንጣት በእርጥብ ብላስቲንግ፦ የት ያዋጣል፣ የት ያስቸግራል?

ብረት ቀለም ከመቀባቱ በፊት መጽዳት አለበት። ዝገት ወይም ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጥቁር ቅርፊት ላይ የተቀባ ቀለም ዕድሜ የለውም፤ ቶሎ ተላጦ ይወድቃል። ለማጽዳት ከሚታወቁት ፈጣን መንገዶች አንዱ ጥቃቅንና ጠንካራ ቅንጣቶችን በኃይል ወርውሮ የብረቱን ገጽ መደብደብ ነው። በተለምዶ ሳንድ ብላስት የሚባለው ሥራ ይህ ነው። ቅንጣቱ ከውሃ ጋር ሆኖ ሲወረወር ደግሞ እርጥብ ብላስቲንግ ይባላል።

ሥራው የቆየ ነው። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ቺው ቲልግማን እ.ኤ.አ. በ1870 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ አሸዋን በእንፋሎት ወይም በአየር ግፊት እየወረወረ ድንጋይ፣ መስታወትና ብረት የሚፍቅ ነበር። አሸዋው ግን መዘዝ ነበረው። ብረቱን ሲመታ ይደቃል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለውን በሽታ ያመጣል። በሽታው አይድንም። ብዙ ሠራተኛ ከጨረሰ በኋላ ብሪታንያ በ1949 ባወጣችው ደንብ በቀለጠ ብረት የተሠሩ ዕቃዎችን በአሸዋ ብላስት ማድረግ ከለከለች።

ከአሸዋው አቧራ ለማምለጥ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው አሸዋውን በማይደቅ ቅንጣት መተካት ነው፤ የብረት ቅንጣት የገባው በዚህ በኩል ነው። ሁለተኛው አቧራውን በውሃ ማፈን ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው በደንብ ይሠራሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ብረት በውሃ ይዝጋል።

መጀመሪያ ቅንጣቱን እንየው። የቀለጠ ብረት እየወረደ ሳለ በውሃ ግፊት ይመታና ይበታተናል። ጠብታዎቹ ውሃ ውስጥ ገብተው ይጠጥራሉ። ከዚያ ደርቀው፣ በወንፊት ተለይተውና በሙቀት ታክመው ትክክለኛውን ጥንካሬ ያገኛሉ። ድቡልቡሉ ሾት ይባላል። ሾቱ ሲሰበር ማዕዘን ያለው ግሪት ይወጣል። ሾት ገጹን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ግሪት ደግሞ ይፍቃል፣ ቀለም የሚይዝበትን ሻካራ ገጽም ይፈጥራል። ገበያ ላይ በቁጥር ይታወቃሉ። ለምሳሌ ኤስ 230 የሚባለው ሾት 0.6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው።

የብረት ቅንጣት ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛው ክብደቱ ነው። እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከ7 ግራም በላይ ሲሆን የአሸዋ 2.65 ገደማ ነው። መጠናቸውና ፍጥነታቸው እኩል ከሆነ የብረቱ ቅንጣት ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ጉልበት ይዞ ይመታል። ሁለተኛው ዕድሜው ነው። አሸዋ አንዴ ተወርውሮ ያበቃለታል፤ የብረት ቅንጣት ግን ተሰብስቦ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሊወረወር ይችላል። ለመሰብሰቡም ማግኔት ያግዛል። በመግዣው ውድ የሆነውን ዕቃ ውሎ አድሮ ርካሽ የሚያደርገው ይህ ነው። መልሶ የማይሰበሰብ ከሆነ ግን ገንዘብን መሬት ላይ መበተን ነው።

የውሃው ሥራ ደግሞ አቧራን ማፈን ብቻ አይደለም። ገጹን ያቀዘቅዛል፣ ፍርፋሪውን ጠርጎ ይወስዳል፣ ጨውንም በከፊል ያጥባል። አሠራሩ ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ከኖዝሉ (ቅንጣቱ ከሚወጣበት ጠባብ አፈሙዝ) አፍ ላይ ውሃ ይረጫል። አንዳንዱ ውሃና ቅንጣቱን በግፊት ታንክ ውስጥ ቀላቅሎ በኮምፕረሰር አየር ይገፋል። በዝግ ካቢኔት ውስጥ ፓምፕ ድብልቁን እያዞረ የሚረጭበትም አለ። በትልልቅ ፋብሪካዎች ደግሞ ድብልቁን በፍጥነት የሚሽከረከሩ መዘውሮች ይወረውሩታል። የብረት ቅንጣት የሚያዋጣው ወይም የሚያከስረው ከእነዚህ የትኛው ላይ እንደገባ ታይቶ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ማሽኑ ሲቆም ነው። ዓርብ ማታ የብረት ግሪትና ውሃ ታንኩ ውስጥ ትቶ የሄደ ሰው ሰኞ ጠዋት የሚያገኘው ግሪት አይደለም። ቅንጣቶቹ በዝገት ተያይዘው ቡናማ ድንጋይ ሆነዋል። ታንኩ በአካፋ አይወጣም፤ መሮ ያስፈልገዋል። ማሽኑ ሳይቆምም ችግር አለ። ብረት ከባድ ስለሆነ ውሃው ውስጥ ቶሎ ይዘቅጣል። ፍሰቱ ትንሽ ከቀነሰ በቱቦው መታጠፊያ ላይ ይከማችና ይዘጋዋል። ፓምፑንም ክፉኛ ይበላዋል። የደረቅ ብረት ግሪት እንኳ ከኮምፕረሰር በሚመጣ እርጥበት ይጓጉላል። የደረቅ ብላስቲንግ ሠራተኞች አየራቸውን ለማድረቅ ያን ያህል የሚጨነቁት ለዚህም ጭምር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የተጸዳው ብረት ራሱ ነው። ከእርጥብ ብላስቲንግ የወጣ የካርቦን ብረት ራቁቱን ነው። አየሩ ሞቃትና እርጥብ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ጥላ ያጠላበታል። ባለሙያዎቹ ፍላሽ ረስት ይሉታል። ይህ በማንኛውም እርጥብ ብላስቲንግ ያጋጥማል። የብረት ቅንጣት ሲሆን ግን ገጹ ላይ የቀረው ደቃቅ የብረት ብናኝ ቀድሞ ስለሚዝግ ነገሩን ያባብሰዋል። መጠኑ የሚለካበት መንገድ ቀላል ነው። ነጭ ጨርቅ ይዘው ገጹን ያብሱታል። ጨርቁ እምብዛም ካልቆሸሸ ዝገቱ ቀላል ነው። ቀለሙ በግልጽ ከተነካካበት መካከለኛ ነው። ጨርቁ በደንብ ከተበከለ ግን ከባድ ነው፤ እንደገና መጽዳት አለበት። በአሜሪካ ለእርጥብ ብላስቲንግ የወጡት ደረጃዎች ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብለው ይለዩታል። የትኛው ድረስ ይፈቀዳል የሚለው ግን ከቀለሙ ዓይነት ጋር ይሄዳል፤ የቀለም አምራቹን መመሪያ ሳያዩ ፕራይመር (የመጀመሪያውን የቀለም ሽፋን) መቀባት አይገባም።

መከላከያው ፀረ ዝገት ኬሚካል ነው። ውሃው ውስጥ ይጨመራል። የውሃው ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ወደ 9 እና 10 ከፍ ሲል ብረት የሚዝግበት ፍጥነት ይቀንሳል። ኬሚካሉ ገጹን ብቻ ሳይሆን ታንኩ ውስጥ ያለውን ቅንጣትም ይጠብቃል። ሆኖም የራሱ ጉዳት አለው። ገጹ ላይ የሚቀረው ኬሚካል ቀለሙ እንዳይጣበቅ ሊያደርግ ይችላል። የውሃው ጥራትም ወሳኝ ነው። ክሎራይድ ያለበት ውሃ ኬሚካሉን ያሸንፈዋል፤ ጨው ከቀለም ሥር ከቀረ ደግሞ ቀለሙ ወራት ቆይቶ ይቋጥራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ እያለ የብረት ቅንጣትን ከውሃ ጋር ማን ይጠቀማል? ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ሬድ በድ በምትባል ከተማ ነው። ዘ ማቴሪያል ወርክስ የተባለ ኩባንያ ኢፒኤስ ብሎ የሰየመውን ዘዴ ያሳደገው እዚያ ነው። በሙቀት ተዳምጦ የተጠቀለለ ላሜራ ላዩ ላይ ቀጭን የኦክሳይድ ቅርፊት አለው። በተለመደው አሠራር ይህ ቅርፊት በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገንዳ ይነሳል። አሲዱ ጭስ አለው፣ የሚወገድ ዝቃጭ አለው፣ ላሜራውም ከወጣ በኋላ እንዳይዝግ ዘይት ይቀባል።

ኢፒኤስ አሲዱን ያስቀረዋል። ጥቅሉ ተፈትቶ በዝግ ክፍል ውስጥ ያልፋል። ከላይም ከታችም የሚሽከረከሩ መዘውሮች ደቃቅ የብረት ግሪትና ውሃ ድብልቅ በሙሉ ስፋቱ ይወረውሩበታል። ቅርፊቱ ይነሳል። ድብልቁ ተሰብስቦ ይጣራል፣ ቅርፊቱና የደቀቀው ግሪት ይወጣሉ፣ የቀረው ይመለሳል። ላሜራው ታጥቦና ደርቆ እንደገና ይጠቀለላል። ኩባንያው እንደሚለው በዚህ መንገድ የጸዳ ላሜራ ዘይት ሳይቀባም ዝገትን በደንብ ይቋቋማል።

እዚህ ቦታ ብረቱ ለምን ተሳካለት? ቅንጣቱ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እየዞረ ይውላል። የሚወረውረው መዘውር ስለሆነ ክብደቱ ጥቅም እንጂ ሸክም አይደለም። ገጹም ተጸድቶ ወዲያው ይደርቃል። ላሜራው ራሱ የካርቦን ብረት ስለሆነ የብረት ብናኝ ባዕድ አይሆንበትም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ዝግ መስመር ላይ ተሟልተዋል። ድልድይ ሥር ቱቦ ይዞ የቆመ ሠራተኛ ዘንድ ግን አንዳቸውም የሉም።

ባዕድነቱን ካነሳን አይቀር፣ በስቴንለስና በአሉሚኒየም ላይ ተራ የብረት ቅንጣት መጠቀም ትልቅ ስህተት ነው። ደቃቅ ብረት ገጹ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ውሃ ሲነካው ይዝግና የማይዝግ የተባለው ዕቃ ነጠብጣብ ያወጣል። እንዲህ ተሰክቶ የቀረ ብረት (ነጻ ብረት ይባላል) መኖሩን ለማወቅ ስቴንለሱን በውሃ እያራሱና እያደረቁ ዝገት ይወጣ እንደሆነ ማየት ይቻላል። የመዳብ ሰልፌት ፈሳሽም አለ፤ ነጻ ብረት ያለበት ቦታ ላይ የመዳብ ቀለም ይተዋል። ለእነዚህ ብረታ ብረቶች የስቴንለስ ቅንጣት፣ የመስታወት ዶቃ ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይሻላል። የስቴንለስ ቅንጣት ውሃ ውስጥም አይጓጉልም። ዋጋው ግን ከተራው እጅግ ስለሚበልጥ የሚያዋጣው ምንም በማይባክንበት ዝግ ማሽን ነው።

ከቤት ውጭ ለሚሠራ እርጥብ ብላስቲንግ የእኔ ምርጫ ጋርኔት የተባለው ጠንካራ ማዕድን ነው። እፍጋቱ 4 አካባቢ ነው፤ ከአሸዋ ይከብዳል፣ አይዝግም፣ ነጻ ሲሊካውም እጅግ አነስተኛ ነው። ሥራው የግድ የብረት ግሪት የሚፈልግ ከሆነ ቦታውን ሸፍኖ፣ በደረቁ ሠርቶ፣ ግሪቱን በቫኩም መልሶ መሰብሰብ ይሻላል። እርሳስ ያለበት አሮጌ ቀለም የሚነሳባቸው የብረት ድልድዮች ላይ በዚህ መልክ ይሠራል።

ውሃ አለ ተብሎ መከላከያ መተው ደግሞ አደገኛ ነው። ውሃ አቧራውን በጣም ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የእርሳስ ቀለም ሲነሳ በደቃቅ የውሃ ርጭት ውስጥም እርሳስ አለ። የኖዝል ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የመተንፈሻ ጭምብሉ፣ የጆሮ መከላከያውና ሲለቀቅ ማሽኑን የሚያቆመው እጀታ ይቀጥላሉ። ወለሉም ያንሸራትታል፤ ድቡልቡል ሾት የፈሰሰበት እርጥብ ወለል ላይ መራመድ የባሰ ነው።

የተረፈው ዝቃጭም ሥራ አለው። ያገለገለ የብረት ቅንጣት ብቻውን ሲሆን እንደ ቁርጥራጭ ብረት ሊሸጥ ይችላል። እርሳስ ወይም ክሮሜት ያለበት ቀለም ከተቀላቀለበት ግን አደገኛ ቆሻሻ ነው፤ ውሃውም ሳይመረመር ወደ ቦይ አይለቀቅም።