ጮኸብኝ ወይስ ጠራኝ? የእንግሊዝኛ መስተዋድዶችና የንግግር ቃና

አማርኛ አክብሮቱን አይደብቅም። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ስንል ገና ከአፋችን ሳይወጣ ሰውየውን የት እንዳስቀመጥነው ይታወቃል። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዩ» ነው። ድሮ ለቅርብ ሰው ወይም ለበታች የሚሉት «ዛው» ነበራቸው፤ እሱም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተለመደው ንግግር እየወጣ ሄደ። ዛሬ ጨዋነቱን የሚሸከሙት የድምፅ አወጣጥ፣ እንደ «ኩድ» እና «ውድ» ያሉ ረዳት ግሦች፣ እንዲሁም ብዙ ተማሪ ቁብ የማይሰጣቸው መስተዋድዶች፣ ማለትም እንደ «አት»፣ «ቱ»፣ «ዊዝ» እና «ኦን» ያሉ ትንንሽ ቃላት ናቸው።

ግልጹ «አት» ነው። «ሻውት ቱ» ሰውየው ራቅ ብሎ ስለቆመ እንዲሰማ ድምፅን ከፍ ማድረግ ነው። «ሻውት አት» ግን ጮኸበት፣ ተቆጣው ነው። ኳስ «ስሮው ቱ» ከተባለ እንዲቀልባት፣ «ስሮው አት» ከተባለ እንድትመታው ነው። «አት» ሰውን ዒላማ ያደርጋል። «ላፍ አት» ሳቀበት፣ «ላፍ ዊዝ» አብሮት ሳቀ።

«ቶክ ቱ» እና «ቶክ ዊዝ» ላይ ልዩነቱ በጣም ቀጭን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፤ «ዊዝ» ትንሽ የእኩል ለእኩል ጨዋታ ይመስላል፣ አሜሪካኖችም ይበልጥ ይወዱታል። «ቶክ አት» ሌላ ነው፤ ሳያዳምጡ ማውራት፣ ሰውን በወሬ መደብደብ። ግን «ዊዝ» ሁሌ ለስላሳ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። አለቃ «አይ ውድ ላይክ ኤ ወርድ ዊዝ ዩ» (ላነጋግርህ እፈልጋለሁ) ካለ፣ አረፍተ ነገሩ ጨዋ ነው፣ ሰሚው ግን ያልበዋል።

ለኛ ከሁሉም የሚቀርበው «ኦን» ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የራሳችን «ብኝ» እዚያ ውስጥ አለች። «ሺ ሀንግ አፕ ኦን ሚ» ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ ነው። «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ» ባትሪ ዘጋብኝ። ያለ «ኦን ሚ» ተራ ወሬ ነው፣ ከነሱ ጋር ስሞታ ይሆናል። ችግሩ «ኦን» ሌላም ሥራ አለው። ሒሳብ ሲመጣ «ኢት ኢዝ ኦን ሚ» ያለ ሰው እኔ ልጋብዝ እያለ ነው፤ አንድ ነገር ከተበላሸ በኋላ «ዛት ኢዝ ኦን ሚ» ካለ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ራሴ አንዴ ለሥራ ባልደረባዬ ምርጫው ያንተ ነው ለማለት «ኢት ኢዝ አፕ ቱ ዩ» ብዬ መጻፍ ሲገባኝ «ኢት ኢዝ ኦን ዩ» ብዬ ላክሁለት። ጣጣው ያንተ ነው ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ለምን እንደተኮሳተረ የገባኝ ማታ ነው።

«ጉድ ኦቭ ዩ» እና «ጉድ ፎር ዩ» ደግሞ በአንድ ቃል ይለያያሉ። የመጀመሪያው የሰውየውን ደግነት ያመሰግናል፦ እንዴት ያለህ ደግ ሰው ነህ። ሁለተኛው አበጀህ ነው፤ እንደኛው «አበጀህ» ከልብም ይባላል፣ ለሽሙጥም። አንድ ሰው ደክሞ ያዘጋጀላችሁን ሰነድ ሲልክ «ጉድ ፎር ዩ» ብትመልሱለት «ታዲያ ምን ይጠበስ» ያላችሁት ይመስለዋል።

አዲስ ለተዋወቃችሁት ሰው «አይ ሃቭ ኸርድ ኤ ሎት አባውት ዩ» ማለት ደስ ያሰኛል፤ «አይ ሃቭ ኔቨር ኸርድ ኦቭ ዩ» ግን ማን ነህ ደግሞ አንተ እንደማለት ነው።

መስተዋድድ መጨመርም ራሱ አደጋ አለው። ያዘነ ሰው አይታችሁ «ዋት ኢዝ ሮንግ?» ብትሉ ምን ሆንክ ብላችሁ አስባችሁለታል። «ዋት ኢዝ ሮንግ ዊዝ ዩ?» ስትሉ ግን፣ ድምፃችሁን ካላለሰለሳችሁት፣ ጤና የለህም እንዴ ይሆናል። «ዋትስ ኢት ቱ ዩ?» ደግሞ በየትኛውም ድምፅ ቢባል ያው ነው፦ ምን አገባህ!