አንጋፋውን ሸኝቶ ወጣት መጠበቅ፦ የኒውዮርክ ሬንጀርስ የመልሶ ግንባታ ዓመታት

በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ ወራጅ ቀጠና የሚባል ነገር የለም። መጨረሻ የወጣ ክለብ እንዲያውም ይካሳል፤ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ዓመታዊው ድራፍት ላይ ምርጥ ወጣቶችን ለመውሰድ ከፊት የሚሰለፈው እሱ ነው። ድራፍቱ 7 ዙር አለው። ለ32ቱ ክለቦች በየዙሩ አንድ አንድ ምርጫ ይደርሳቸዋል። ይህ ምርጫ ደግሞ ማን እንደሚመረጥበት ሳይታወቅ፣ ከዓመታት በፊትም ቢሆን፣ ለሌላ ክለብ ተላልፎ ሊሰጥ ይችላል።

ለዚህ ነው ዋንጫ የራቀው ክለብ አንጋፋዎቹን እየሸኘ ምርጫ የሚሰበስበው። ገበያው የሚደራው የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዋንጫ የሸተተው ክለብ ቸኩሏል። ሻጩ በበኩሉ ውሉ ሊያልቅ የደረሰውን ተጫዋች በነጻ ከሚያጣው አሁኑኑ ቢለውጠው ይመርጣል። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ስላለው፣ ማለትም ክለብ ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ጠቅላላ ደመወዝ የተገደበ ስለሆነ፣ ሻጩ እስከ ደመወዙ ግማሽ ድረስ ራሱ እየከፈለ ሊሸኘው ይችላል። በዚያው ልክ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኒውዮርክ ሬንጀርስ ነው (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2014 ለሊጉ ዋንጫ፣ ለስታንሊ ካፕ፣ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። በየካቲት 8 ቀን 2018 ግን ፕሬዝዳንቱ ግሌን ሳተርና ዋና ሥራ አስኪያጁ ጄፍ ጎርተን ለደጋፊው ደብዳቤ ጻፉ። የምትወዷቸው ተጫዋቾች ሊሄዱ ይችላሉ፣ ከወዲሁ እወቁት ነው ነገሩ። ክለብ እንዲህ ፊት ለፊት ሲናገር ብዙም አይሰማም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አጥቂው ሪክ ናሽ ወደ ቦስተን ሄደ፣ የደመወዙን ግማሽ ሬንጀርስ እየቻለለት። በምትኩ ከመጡት መካከል የአንደኛ ዙር ምርጫና ተከላካዩ ራያን ሊንድግረን ይገኙበታል። በማግስቱ አምበሉ ራያን ማክዶናና ጄ ቲ ሚለር ወደ ታምፓ ቤይ ተሸኙ። ከዚያ ከተገኙት ምርጫዎች አንዱ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ የ2019 ሁለተኛ ዙር ነው፣ ታምፓ በ2018 ወይም በ2019 ዋንጫውን ካነሳ ግን አንደኛ ዙር ይሆናል። ታምፓ በ2018–19 62 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉን ክብረ ወሰን ተጋራ። ከዚያ በፕሌይኦፉ (ዋንጫው በሚወሰንበት የጥሎ ማለፍ ውድድር) የመጀመሪያ ዙር በኮለምበስ 4 ለ 0 ተባረረ! የሬንጀርስም ምርጫ እዚያው ሁለተኛ ዙር ላይ ቀረ።

ኦታዋ ግን ቀንቶታል። በመስከረም 2018 አምበሉን ኤሪክ ካርልሰንን ለሳን ሆዜ ሲሰጥ፣ ከተቀበላቸው አንዱ የ2020 የአንደኛ ዙር ምርጫ ነበር። ጠንካራው ሳን ሆዜ ሳይታሰብ ተንኮታኮተና ምርጫው 3ኛ ሆኖ አረፈው። ኦታዋ ቲም ሽቱትዝለን ወሰደበት።

እንደ እኔ እንደ እኔ ሬንጀርስን መልሰው በእግሩ ያቆሙት በሽያጩ የመጡት ምርጫዎች አይደሉም። ተከላካዩ ኬአንድሬ ሚለር በዚያ መንገድ መገኘቱ እውነት ነው። ግን በ2019 የድራፍቱን የፊት ተራዎች የሚወስነው የሎተሪ ዕጣ ክለቡን ከ6ኛ ወደ 2ኛ አሻግሮ ካፖ ካኮን ሰጠው። በ2020 በካሮላይና ተሸንፎ በወጣ ማግሥት፣ በዚያ የማጣሪያ ዙር ከተሸነፉት ስምንት ክለቦች መካከል 1ኛው ዕጣ ለእሱ ወጣና አሌክሲስ ላፍሬኒየርን አገኘ። አርቴሚ ፓናሪን በነጻ ዝውውር በ7 ዓመት 81.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በረኛው ኢጎር ሼስተርኪን ደግሞ ገና በ2014 በአራተኛ ዙር የተመረጠ ነው። ምርጫ በደንብ የሠራው እንደ ገንዘብ ሲመነዘር ነው፦ በ2019 ሁለት ምርጫ ለካሮላይና ተሰጥቶ አዳም ፎክስ መጣ። በ2021 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ።

ቡድኑ በ2022 እና በ2024 እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ዋንጫ ግን ከ1994 ወዲህ አላነሳም። በታኅሣሥ 2024 ካኮ ራሱ ለአንድ ተከላካይና ለሁለት የታችኛው ዙር ምርጫ ወደ ሲያትል ተሸኘ። በቀጣዩ ወር ጄ ቲ ሚለር በ31 ዓመቱ ከቫንኩቨር ተመለሰ። በዚህኛው ዝውውር የአንደኛ ዙር ምርጫና ሁለት ወጣት ተጫዋች የሰጠው ሬንጀርስ ነበር።